አያ ከአልጋ ጋር የተጣላ ዕለት

አያን መጀመሪያ ያየሁት ከበር ጋር ሲጣላ ነው።

ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፎቁ ላይ ሲወጡ ውሃው ወለል ብሎ የሚታይበት ሆቴል አለ። ደሴ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ የሆቴሉ ባለቤት እናቴን "ልጅሽን ላኪልኝና እንግዳ ትቀበልልኝ" አለቻት። እናቴ ውጫሌ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ባለሆቴሏም ሆቴል ከመክፈቷ በፊት የጨርቅ ነጋዴ ስለነበረች ይተዋወቃሉ። እኔም አንድ ጠዋት በሚኒባስ መጥቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ ግቢውን አልፌ ከዋናው በር ቆምኩ። መግባት ግን አልተቻለም። ከውስጥ አንድ ሰው በሩን በትከሻው እየገፋ ይጮኻል።

"ትናንት ተከፍተህ የለም ወይ? ማን ነው የከፈተህ? እኔ አይደለሁም? ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘና ነው የማታውቀኝ?"

የእንጨት በር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ጩኸቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። በሩ ብርግድ አለና አንድ ቀጠን ያለ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ በአጠገቤ ሽው ብሎ አልፎ፣ ግቢው መሐል ከተቀመጠው የውሃ በርሜል ጋር ተቃቀፈ። በርሜሉን ለቆ ሲነሳ እኔን አላየኝም። ዞሮ በሩን ነው ያየው።

"አሁን ደስ አለህ?" አለው።

ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሻንጣዬን ከእጄ ወስዶ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ እታለም፤ እቴቴ ስትጠብቅሽ ነው ያረፈደችው" ብሎኝ ገባ።

እቴቴ የምንላት ባለሆቴሏን ነው። እሱን ደግሞ ሁሉም "አያ" ይለዋል፤ በኛ አገር ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ነውና እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። የተወለደው አምባሰል ነው፤ ከግሸን ማዶ፣ ሰው ከገደል ወደ ገደል እየተጣራ ወሬ በሚለዋወጥበት አገር። ድምፁም ለዚያ የተሠራ ነው። በወጣትነቱ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ከወልዲያ ኮምቦልቻ ሲመላለስ ኖሮ፣ ሆቴሉ ሲከፈት እዚያው ገባ። ሥራው ስም የለውም። ሻንጣ ይሸከማል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር ያወጣል፣ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ አምፖል ይቀይራል። ከእነዚህ ከሁሉም ጋር ይጣላል።

ሰው ላይ እጁን አንስቶ ግን አያውቅም። ጠቡ ከዕቃ ጋር ነው። የውሃ ጎማው ሲጠማዘዝበት "ምን ሆነህ ነው፣ ቁርጠት ይዞሃል?" ይለዋል። ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲለው ገመዱን እየሳበ፣ የሠራውን ፋብሪካ፣ የጫነውን መኪና፣ የሸጠውን ነጋዴ ሁሉ በየተራ ይረግማል። እቴቴ ከቢሮዋ ሆና ትሰማውና፣ "ይሄ ሰው ሲሳደብ እንኳ በአምባሰል ቅኝት ነው፤ ማሲንቆ የሚመታለት ብቻ ነው ያጣው" ትላለች። እውነቷን ነው። ቁጣው ከታች ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ እያዘነ ይወርዳል። እንግዶች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ሲለምዱት ወንበራቸውን ወደ ግቢው አዙረው ይቀመጣሉ። እሱ እንደሚታይ አያውቅም። ሲናደድ ዓለም ላይ ያሉት እሱና ያ ዕቃ ብቻ ናቸው።

ወደ ሆቴሉ ፊልም ያመጣችው የእቴቴ ልጅ ነበረች። ደሴ ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ስትመጣ፣ "ልጅ ይዘው ለሚመጡ እንግዶች ይሁን፤ ዓሣው እስኪጠበስ ልጆቹ አያስቸግሩም" ብላ ፍላሽ ሰጠችኝና ምግብ ቤቱ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ሰካሁት። ውስጡ የድሮ የካርቱን ፊልሞች ነበሩበት፤ አጫጭር፣ ቀለማቸው የፈዘዘ፣ ንግግር የሌላቸው፣ ሙዚቃቸው ብቻ የሚንጫጫ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ምሳ የበሉ ሾፌሮች ጥርሳቸውን እየፋቁ ተቀምጠዋል። ወጥ ቤቷ በራፉ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። አንዱ ፊልም አልቆ ሌላው ተጀመረ። የሆቴል ሠራተኛ የሆነ አህያ ነው። ቀይ ኮት ለብሷል፤ በጆሮዎቹ መሐል ትንሽዬ ክብ ቆብ ደፍቷል። መጀመሪያ አልከፈት ካለው በር ጋር በትከሻው ይገፋፋል፤ ከዚያ የእንግዳ ሻንጣ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ሻንጣው ይከፈትበታል። ይዘጋዋል፤ ይከፈታል። ይቀመጥበታል፤ ሻንጣው ቂጡን ይነክሰዋል። አህያው ከእግሩ ጀምሮ እየቀላ ሄዶ፣ ቅላቱ ግንባሩ ሲደርስ ቆቡ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ከዚያ ከሻንጣው ጋር በምልክት ይነጋገራል። ይለምነዋል። ይዝትበታል። ጀርባውን ሰጥቶ ያኮርፈዋል።

መጀመሪያ ላይ ማንም አልሳቀም። እርስ በርስ ነው የተያየነው። ከዚያ ወጥ ቤቷ ቢላዋዋን አስቀምጣ "ወየው ጉዴ፣ አያ!" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ሾፌር ጠረጴዛውን እየደበደበ "ለካስ አያ አይደለም፣ አህያ ነው ስሙ!" አለ።

አያ ይህን ጊዜ ፍራሽ በጭንቅላቱ ተሸክሞ በጓሮ በር ገብቶ ከኋላችን ቆሟል።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ሾፌሩ አንገቱን ቀበረ። እኔ ሪሞቱን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ፍራሹ በማን ላይ እንደሚያርፍ ሁላችንም እንጠብቅ ነበር። አያ ግን እኛን አያየንም። ቴሌቪዥኑን ነው የሚያየው። አህያው ሻንጣውን በመስኮት ወረወረው፤ ሻንጣው ዞሮ በበሩ ተመልሶ መጣ፤ አህያውም ሳያውቅ "ይግቡ" እንደማለት እጅ ነሳው። ከአያ አንድ ድምፅ ወጣ። ምን እንደሆነ ለጊዜው አልገባንም። ሳቅ መሆኑን ያወቅነው ፍራሹ ወድቆ፣ እሱም ፍራሹ ላይ ወድቆ፣ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ነው።

እቴቴ ከቢሮዋ ወጥታ በራፉ ላይ ደርቃ ቀረች። "ሱብሃነላህ!" አለች። "ይሄ ሰው ሳቅ ነበረው?"

እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ አያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። የሚያውቁት ሰዎችም አይተው አያውቁም። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። በሁለተኛው ግን አልሳቀም። ከፍራሹ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ፤ አህያው ሊመታ እጁን አንስቶ፣ ሐሳቡን ለውጦ፣ እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ሲጠፋው ያችን ቦታ በተለይ አተኩሮ አየ። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሥዕል የሚያይ ሰው ፊት ነበረው።

"እታለም" አለኝ ሲያልቅ፣ "ይሄን የሠራው ሰውዬ የት ነው ያየኝ?"

ሾፌሮቹ ሊስቁ አሉና ፊቱን ሲያዩ ተዉት።

"አላየህም አያ። በእጅ የተሳለ እኮ ነው" አልኩት። "የአህያው እጅ ትንሽ ከፍ ሲል አንድ ሥዕል፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ ሲል ሌላ ሥዕል ይስላሉ። ሥዕሎቹ በፍጥነት ሲያልፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ለዚህች ለአጭሯ እንኳ ብዙ ሰው ብዙ ወር ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው።"

"መቼ ነው የተሠራው?"

"ድሮ ነው። አንተ ሳትወለድ።"

"ሳልወለድ?"

"ሳትወለድ።"

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ታዲያ የበሩን ነገር ማን ነገረው?" አለኝ።

ካርቱን እንዴት እንደሚሠራ ኮሌጅ እያለሁ ነው የሰማሁት፤ ሰምቼ ግን አልተደነቅሁም ነበር፤ እንደማንኛውም ትምህርት ጽፌው አልፌያለሁ። ያን ዕለት ግን አያ አጠገብ ቆሜ ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሐይቅን በስም የማያውቅ፣ አምባሰል ይኑር አይኑር ያልሰማ ሰው፣ ከባሕር ማዶ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ አንድ ሰው ብው ሲል ትከሻው እንዴት እንደሚነሳ፣ አንገቱ እንዴት እንደሚገባ፣ ከዚያም ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ እንዴት እንደሚያሳዝን አንድ በአንድ ስሎታል። የኛን አያ ስሎታል።

"ቁጣ እኮ ቶሎ የምታልፍ ነገር ናት" አለ አያ ፍራሹን እያነሳ። "ይቺን ለመያዝ ያን ሁሉ ወር ታገሠ! እግዜር ያሳይሽ፣ ምን ዓይነት ሰው ይሆን?"

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ "እስቲ ያን አህያ" ይለኛል። እከፍትለታለሁ። አገጩን በእጁ ደግፎ፣ እንደ ተማሪ ያየዋል። አንድ ቀን ደግሞ ታንከሩ ሞልቶ ይፍሰስ አይፍሰስ ልይ ብዬ ጣሪያ ስወጣ፣ ብቻውን ወደ ሐይቁ ዞሮ ቆሞ አገኘሁት። ፀሐይ ውሃው ላይ ተዘርግታለች፤ የዓሣ አጥማጆች ታንኳ እንደ ዝንብ ከሩቅ ይታያል። አያ ቀኝ እጁን ከጎኑ ትንሽ አነሳ፤ አቆመ። ደግሞ ትንሽ አነሳ፤ አቆመ። ከጭንቅላቱ በላይ እስኪደርስ እንዲያ አደረገ። ፊቱም አብሮ ይለዋወጥ ነበር፤ መጀመሪያ ቅሬታ፣ ከዚያ ንዴት፣ ከዚያ ልመታ ነው የሚል። ትንፋሼን ይዤ በመጣሁበት ደረጃ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓመቱ ተለውጦ፣ መስከረም ውስጥ፣ የግሸን በዓል አልፎ ምእመናን ሲመለሱ አንድ አውቶቡስ ሙሉ መንገደኛ ምሳ ሊበላ ገባ። ሲገባ ዝናብ ተከትሎት ገባ። በልተው ሊነሱ ሲሉ ወሬ መጣ፤ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ ተገልብጦ አስፋልቱን ዘግቶታል። ከእነሱ ቀደም ብለው ከአርዲቦ በኩል ተነስተው ሙሽራ ሊያመጡ ወደ ደሴ የሚሄዱ የሠርግ ሰዎችም ከነሚኒባሳቸው ተመልሰው እኛው ጋ ተጠልለዋል። መብራት ጠፋ። ምግብ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። እርጥብ ነጠላ፣ እርጥብ ሽርጥ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሰዓት የሚያይ ሚዜ።

ከመንገደኞቹ መሐል አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር ተያያዘ።

"በጠዋት እንነሳ ብዬህ ነበር! ብዬህ ነበር ወይስ አላልኩህም?"

"ብለኸኛል። ሰዉን ተራራ ላይ ትቼው ልምጣ?"

"ሌላ መንገድ ፈልጋ ታዲያ! ሾፌር አይደለህም?"

"በየት በኩል? በሐይቁ ላይ ልንዳልህ?"

ግዙፉ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሳ። ሾፌሩም ተነሳ። መሐላቸው የገቡትም እርስ በርስ መገፋፋት ጀመሩ። ከሠርጉ ሰዎች አንዱ ሽማግሌ "ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም!" ቢሉም የሚሰማ ጠፋ።

በዚህ መሐል ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የግሸንን ቁልቁለት ወርደው እግራቸው አብጧል። ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል። እቴቴ አየቻቸውና "አያ! ያን ተጣጣፊ አልጋ ከዕቃ ቤት አውጣና ለእናታችን ዘርጋላቸው" ብላ ተጣራች።

አልጋው ብረቱ የዛገ፣ ሸራ የተወጠረበት፣ ከተቀመጠ የቆየ ነው። አያ ከጥግ አምጥቶ አቆመው፤ አንዱን ጫፍ ዘረጋ። ሌላኛው ጫፍ ተጣጠፈ። ሄዶ ያንን ዘረጋ። ይሄኛው ተጣጠፈ።

"ቀስ በል" አለው፤ ገና በደህና ድምፅ።

በሆዱ ተደግፎ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ ሊይዝ ተንጠራራ። አልጋው ጣቱን ቆነጠጠው።

"እህ! እናቲቱ እግራቸው አብጦ ቆመው ሳለ አንተ ትጣጠፋለህ? አታፍርም? ሸራ ለብሰህ፣ እግር አውጥተህ፣ አልጋ ነኝ ብለህ ከሰው መሐል ተቀምጠህ!"

ያ የአምባሰሉ ድምፅ እየወጣ ሄደ። አንዳንዱ ዞር ማለት ጀመረ። አያ እግሩን አንስቶ ብረቱን ረገጠው። አልጋው ከወዲያ በኩል ተስፈንጥሮ ከኋላው መታውና አያ ሸራው ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው አልጋው እንደ መጽሐፍ ተከደነበት። ከውጭ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ የሠርጉ ሴቶች ሳቁ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፈራሁ። አያ ከአልጋው ውስጥ ተገልብጦ ወጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አልጋውን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ በመስኮት ሊወረውር ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው። አወራወሩን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ወንበር እንዲያ ሄዷል።

ከዚያ ሰዉን አየ።

ባወቅሁት ዘመን ሁሉ አያ በንዴቱ መሐል ሰው ሲያይ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሄደ። ያን ሰዓት እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ነገር ሆነ፤ እጁ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ቆመ። ደግሞ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ቆመ። ፊቱ ላይ ንዴቱ አለ፣ አልጠፋም፤ ግን ንዴቱን አሁን እሱ ነው የያዘው፣ ንዴቱ እሱን አይደለም። አልጋውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። አቧራውን አራገፈለት። ጀርባውን ሰጥቶት እጁን አጣምሮ አኮረፈ።

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። አያ አልተንቀሳቀሰም። በአንድ ዓይኑ ብቻ ወደ ኋላ አልጋውን ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ እንደሆነ። አልጋው ዝም አለ። አያ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሰዉ ዞረ።

"በሉ ሽማግሌ ይግባ!" አለ። "ከዚህ ጋር እኔ ብቻዬን አልችልም።"

ከዚያ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ግዙፉን ሰውዬ ጠራው። "አንተ ጋሼ፣ ና በኔ ወገን።" ወደ ሾፌሩም ዞረ። "አንተ በአልጋው ወገን።"

የሁለቱ እጅ አንዱ የሌላውን ኮሌታ እንደያዘ ነበር። ተያዩ። ሰው ሁሉ እየተጠባበቃቸው ነው። መጀመሪያ የለቀቀው ግዙፉ ሰውዬ ነው፤ ኮቱን አስተካክሎ ወደ መሐል መጣ። ሾፌሩም እያፈረ ተከተለው።

"ይህ ሰው" አለ ግዙፉ ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ እውነተኛ ሽማግሌ፣ "ይህ ሰው ተበድሏል። ቂጡን ተመትቷል።"

"አልጋውም ተረግጧል" አለ ሾፌሩ። "ዕድሜ ልኩን ጨለማ ቤት ተቀምጦ፣ ዛሬ ቢወጣ የጠበቀው እርግጫ ነው። ይሄ ደግ ነው?"

"ጣቴንስ መቆንጠጡ?" አለ አያ።

"ደንግጦ ነው። ሰው አላየም ከዓመት ወዲህ።"

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። የሠርጉ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል። በመጨረሻ ፍርዱ ተሰጠ፤ አያ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አልጋው ይዘርጋ። አያ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ብረት ሳመ። ግዙፉ ሰውዬ አንዱን ጫፍ፣ ሾፌሩ ሌላውን ጫፍ ያዙና ሳቡት። አልጋው ቀጭ ብሎ ተዘረጋ።

እልልታው ከሠርጉ ሴቶች ነው የተነሳው። የግሸን መንገደኞችም ተቀበሉት። እቴቴ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ ግን የዝናቡ ድምፅ አይሰማም ነበር። እኔ ከጠረጴዛዬ ኋላ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል፤ በሳቅ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሚሸሸው፣ እሱ ራሱም ሲያፍርበት የኖረው ነገር፣ ዓይኔ እያየ ሌላ ነገር ሆነ። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ አይቻለሁ። እንደገና ንገሪኝ ብባል ግን ይኸው ከነገርኳችሁ በላይ አልችልም።

አሮጊቷ ተጋደሙ። አያ ከእግራቸው ሥር ትራስ አደረገላቸው። ሊመሽ ሲል መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ሰዉ ሲወጣ ሾፌሩና ግዙፉ ሰውዬ አሮጊቷን ግራና ቀኝ ደግፈው ወሰዷቸው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ዞር አሉና አያን በምልክት ጠሩት።

"ልጄ፣ እመብርሃን ቁጣህን አትውሰድብህ" አሉት።

"ኧረ እማማ!" አለ አያ። "ይሄ ምርቃት ነው እርግማን?"

"አሜን በል ዝም ብለህ።"

"አሜን" አለ።

በማግስቱ፣ ግቢ ስናጸዳ፣ ጠየቅሁት። "አያ፣ ትናንት አልጋውን ልትወረውረው ነበር። ምን አየህ?"

መጥረጊያውን ተደግፎ ቆመ። "አሮጊቷ ጥርስ የላቸውም አይደል? አንዲት ብቻ ቀርታቸዋለች፣ ከላይ። ስቀው ታየችኝ። ያን ያህል ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ አንዴም አልታየችም። እስቲ ደግሞ ልያት ብዬ ነው።"

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ግቢው በር ላይ እየቆሙ "አያ፣ እስቲ ተናደድ!" ማለት ጀመሩ። ያኔ እውነተኛው ቁጣ መጣ። "እኔ የማንም ቴአትር አይደለሁም!" ብሎ በመጥረጊያ አባረራቸው። አንድ ነጋዴ ለልጁ ልደት ልውሰድህ ቢለው ለአንድ ወር አኮረፈው። ከበሩም፣ ከጎማውም፣ ከጄኔሬተሩም ጋር እንደ ድሮው ይጣላል። እኔም ያን ቀን የሆነውን ነገር ዳግም አላየው ይሆናል ብዬ ነበር።

ክረምቱ ጭራሽ ካለቀ በኋላ የሠርጉ ሰዎች ከአርዲቦ መልእክት ላኩ፤ ቅልቅል አለና እቴቴም፣ አያም፣ እኔም እንድንመጣ። "ለሥራ ከሆነ አልሄድም" አለ አያ። "ለእንግድነት ነው፤ አብሽር" እቴቴ ስትለው ልብሱን ቀየረ። ስንደርስ አያን ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የታረደውን አምጥተው አቀረቡለት። የአካባቢው ልጆች ከዛፉ ሥር ቆመው በሩቁ ያዩታል። ዝናው ቀድሞት ደርሷል። ማንም ግን ተናደድልን አላለውም፤ አያም ቁጥብ ሆኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ "በቃኝ፣ ይስጥልኝ" እያለ ተቀምጦ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ የድምፅ ማጉያ የሚሠራው ወጣት ገመድ ሊዘረጋ መጣ። ገመዱ ተተበተበበት። አንዱን ሲፈታ ሌላው ይቋጠራል፤ ስፒከሩ በመሐሉ ጢጥ እያለ ይጮህበታል። ወጣቱ ላብ በላብ ሆነ። አያ ከምንጣፉ ላይ ሆኖ ያየዋል። አየሁት፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ወደ እቴቴ አየ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፣ ወደ ልጆቹ አየ። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ተነሳና ወደ ወጣቱ ሄደ።

"ቆይ" አለው፣ ገመዱን ከእጁ እየተቀበለ። "አንተን አያውቅህም። እስቲ እኔ ላነጋግረው።"

ልጆቹ ማንም ሳይላቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።